የገመድ ጠሪ

እኔ ቅናተኛ ነኝ። ይህን የምናገረው ንስሐ እየገባሁ አይደለም፤ ሌላ ሰው ቀድሞ እንዳይነግራችሁ ብዬ ነው። መካነ ሰላም ገብታችሁ የሻለም ማን ናት ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ግማሹ ያቺ ገመድ ጠሪዋ ይላችኋል፣ ግማሹ ደግሞ ያቺ የሰው ደስታ የሚያንገበግባት ይላችኋል። ሁለቱም አልዋሹም።

የምሠራው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ኃላፊያችን ስማቸው በትንሽ በትልቁ ሲነሳ አይወዱም። ክፍሌ መዝገብ ቤት ነው፤ ከግቢው ጫፍ፣ ከመጸዳጃው አለፍ ብላ ያለችው አንድ መስኮት ያላት ቤት። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የሰው ፋይል አወጣለሁ፣ የሰው ፋይል እመልሳለሁ። ሰው እድገት ሲያገኝ ደብዳቤውን ፋይሉ ውስጥ የማስረው እኔ ነኝ። ትናንት «እትዬ የሻለም» እያለ ፊቴ ሲለማመጥ የነበረ ልጅ ዛሬ ቡድን መሪ ሆኖ፣ አንገቱን አቅንቶ ሲያልፍ በመስኮቴ አየዋለሁ። እንዲህ ያለ ሥራ ቅናት ባያስተምረኝ ነበር የሚገርመው።

በዓመት አንድ ሰሞን ግን እኔም ፊት እሆናለሁ። በየበጋው የመካነ ሰላም፣ የወግዲ፣ የወረኢሉና የማሻ የመንግሥት ሠራተኞች ተራ በተራ በየከተማው እየዞሩ ይወዳደራሉ፤ ከውድድሩ አንዱ የሴቶች ገመድ ጉተታ ነው። ስምንት ሴት በዚህ፣ ስምንት ሴት በዚያ፣ ከሦስት ሁለቱን የጎተተ ያሸንፋል። በደንቡ ዳር ቆሞ ማዘዝ ክልክል ነው፤ መጮህ የሚችለው ገመዱን የያዘ ሰው ብቻ ነው። እኔ የምገባው እዚህ ላይ ነው። አባቴ በአጨዳ ጊዜ የደቦ አውራጅ ነበር፤ አጫጁ ሁሉ ማጭዱን የሚያነሳው በእሱ ዜማ ነው። ያንን ድምፁን ለወንድሞቼ ሳይሆን ለእኔ ነው የተወው።

ገመዱ ላይ የምንሰለፈው በሥራ ደረጃችን ነበር፤ ስቃችሁ እንዳትሞቱ። ማንም ደንብ ብሎ አላወጣውም፣ እንዲሁ ሆኖ ቀረ። መጀመሪያ የሥራ ሂደት መሪዋ፣ ቀጥሎ ባለሙያዎቹ፣ እያለ እያለ እስከ ጽዳት ድረስ። ደረጃ ሰብሬ ሁሉንም ቀድሜ የቆምኩ እኔ ብቻ ነኝ። ቢሮ ውስጥ «ያንን ፋይል ቶሎ በዪ» የሚሉኝ ሴቶች ከኋላዬ ተኮልኩለው የእኔን አፍ ይጠብቃሉ። «የቦረና ልጅ፣ የደጋ ነፋስ ያሳደጋት…» እያልኩ በወረዳችን በቦረና ስም አዘግማለሁ፤ ያኔ እነሱ ገመዱን ላላ አድርገው ትንፋሽ ይሰበስባሉ። ከዚያ «ሆ!» ስል ስምንታችንም ባንድ ጊዜ እንጎትታለን። ስድስት ዓመት ጠርቻለሁ፣ ሁለት ዋንጫ አምጥተናል። የሁለቱም ዋንጫ ፎቶ መሀል ላይ ያለሁት እኔ ነኝ፤ ኃላፊያችን እንኳ ከዳር ናቸው። ያችን ቦታ ከምነጠቅ ደመወዜን ቢቀንሱት እመርጣለሁ።

ኢልሀም የመጣችው በኅዳር ነው። ስምንት ዓመት ጅዳ ሰው ቤት ሠርታ ተመልሳ፣ የመሥሪያ ቤታችንን ሻይ ክበብ በኮንትራት ተቀጥራ ያዘች። ሀያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ለእናቷ ቤት ሠርታለች፣ ታናሽ ወንድሟን ባጃጅ አሲዛዋለች፣ ስትስቅ የወርቅ ጥርሷ ብልጭ ይላል። እኔም በሀያ ሦስት ዓመቴ ፓስፖርቴ ወጥቶ ነበር። ደሴ ድረስ ሄጄ፣ አንድ ሌሊት ሳለቅስ አድሬ፣ ፈርቼ ተመለስኩ። ስለዚህ ገና ከበሩ ስትገባ ሳያት ያልሄድኩት እኔ ተመልሼ የመጣሁ መሰለኝና አንጀቴ ቅጥል አለ።

ከመጣች በኋላ ደግሞ ባሰ። ቀድሞ ሰው ሁሉ ፋይል ሊያወጣ ሲመጣ መስኮቴ ላይ ተደግፎ ወሬ ያወራኝ ነበር፤ አሁን ፋይሉን ነጥቆ ወደ ክበብ ይሮጣል። ሻይዋ ምንም የተለየ ነገር የለውም፤ ቅርንፉድ ታበዛለች፣ ያው ነው። ቀምሼዋለሁ። ደጋግሜ ቀምሼዋለሁ። መጀመሪያ «እርስዎ» ስትለኝ ለካ አሮጊት ነኝ ብዬ ተናደድኩ፤ «አንቺ በዪኝ» አልኳትና «አንቺ» ስትለኝ ደግሞ ደፈረችኝ ብዬ ተናደድኩ። ለእኔ መላ የለም።

ያን ዓመት ከቡድናችን አንዷ ወልዳ አንድ ሰው ጎደለን። የሰው ኃይል ሠራተኛውና አሠልጣኛችን በፍቃዱ ዞሮ ዞሮ ኢልሀምን አመጣት። በደረጃ ከጽዳትም በታች ስለሆነች መጨረሻ ላይ፣ ከገመዱ ጫፍ ላይ አቆማት። እኔ ፊት፣ እሷ ጭራ። በዚህስ ደስ አለኝ።

በጥር ወረኢሉ ሄድን። የደረሰን ወግዲ ነው። ወግዲን ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ለጥቂት አሸነፉን እንጂ የምንንቃቸው ቡድን ነበር። ፊታቸው ላይ ሐረግ የምትባል ረዥም፣ ደረቅ ሴት አለች። ዳኛው ፊሽካውን ነፋ፣ እኔም ድምፄን ለቀቅኩት፣ ሜዳው ሁሉ ዞሮ አየኝ። «ሆ!» ብል «ሆ!» ብል ገመዱ ወደ እነሱ ነው። ሰው ሦስት ጊዜ እስኪያስነጥስ እንኳ አልቆየንም፤ መስመሩን አልፈን ተጎተትን። ሁለተኛውም ያው ሆነ፤ እኔማ በግንባሬ ተደፋሁና አቧራ በላሁ። ዘወር ስል ሳትወድቅ የቆመች ኢልሀም ብቻ ናት፤ ተረከዟ ሜዳውን እንደ ማረሻ ሰንጥቆታል።

አፈሬን ሳራግፍ ሐረግ መጣችና አቀፈችኝ። ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብላ፣ «እናትዬ፣ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር? ይህን ድምፅሽን ያቆይልን» አለችኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ጠላት እንኳ ያደንቀኛል ማለት ነው። ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ ይህንኑ ሦስት ጊዜ አወራሁት። ከዚያ ማን ጫማዋ እንደሚያንሸራትት፣ ማን ቁርስ እንዳልበላች፣ ማን ገና አዲስ ስለሆነች ገመድ አያያዝ እንደማታውቅ እየዘረዘርኩ አስረዳሁ። አዲስ ስል ማንን እንደሆነ ሁሉም ገብቷቸዋል። በፍቃዱ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እያለ ይተርታል፤ ሽንፈት በተረት የሚድን ይመስል። የፋይናንሷ ስመኝ፣ ጓደኛዬ ነኝ የምትለው፣ መስኮቱን ታያለች እንጂ አትመልስልኝም።

አቀስታ ላይ ሻይ ልንጠጣ ወረድን። ኢልሀም ብርጭቆዋን አስቀምጣ ወደ እኔ ዞረች።

«እትዬ የሻለም፣ በአላህ አትቆጪኝ» አለች። «ያቺ ሴትዮ የመረቀችሽ መስሎሽ ነው? አንቺ ስታዘግሚ እኛ ገመዱን እናላላለን፤ እነሱ ያኔ ይስባሉ። ‹ሆ› ስትዪ ደግሞ ተረከዛቸውን ተክለው ይቆማሉ። ከኋላ ሆኜ አይቻለሁ። ድምፅሽ የሚሄደው ወደ ፊት ነው። ለእኛ ሳይሆን ለእነሱ ነው የምትጠሪው።»

ስመኝ ለራሷ ያህል «ወይ ጉድ» አለች። እኔ የተናገርኩትን አልደግመውም፤ ትናንት የመጣች ሻይ አፍዪ አባቴ ያወረሰኝን ልታስተምረኝ ነው ወይ ከሚለው ጀምሬ፣ ስለ ጅዳም ስለ ወርቅ ጥርሷም ማለት የሌለብኝን ጨመርኩበት። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ። እሷ ሻይዋን ጨርሳ ቀድማን መኪና ውስጥ ገባች።

በማግስቱ በፍቃዱ በስልኩ የቀረጸውን ክበብ ውስጥ አሳየን። ሰው ሁሉ ተንጋግቶ ያያል። እኔ አላይም ብዬ ዳር ቆምኩ፤ ድምፄን ግን እሰማዋለሁ። «የቦረና ልጅ…» ስል ሰዉ «አየሃቸው! አየሃቸው!» ይላል፤ «ሆ!» ስል ጸጥ ይላል። በመጨረሻ በስመኝ ትከሻ ላይ አጮልቄ አየሁ። እውነትም የወግዲ ሴቶች በእኔ ዜማ ወደ ኋላ ይጋደማሉ፣ በእኔ «ሆ» እንደ ችካል ይተከላሉ። ከእኛዎቹ ይልቅ እነሱ ነበሩ የሚታዘዙኝ። ስልክ ምን አይቶ ያውቃል ብዬ ወጣሁ።

ከዚያ ነገሩ ከእጄ ወጣ። በፍቃዱ ታዲያ ምን ይሻላል ብሎ ኢልሀምን ጠየቃት። እሷም ጅዳ ሳለች፣ እመቤቲቱ ዘመድ ስትጠራ አራት የቤት ሠራተኞች ሆነው ትልቅ ሶፋ በደረጃ ያወጡ እንደነበር ነገረችው። ሴትዮዋ ከቀትር በኋላ ትተኛለች፤ ሹክ ያለ ድምፅ ከሰማች ጉድ ይፈላል። አንዷ ሶፋውን ከሥር በትንሹ ነቅነቅ ታደርገዋለች፣ ሌሎቹ በእጃቸው ይሰሙትና እኩል ያነሳሉ። ገመድም እንደዚያ ነው፣ በእጅ ይሰማል አለች። ሞከሩት። እሷ ከጫፍ ሆና ገመዱን ነቅነቅ ታደርጋለች፣ ሰባታችን እንጎትታለን። የመጀመሪያው ቀን የግቢያችንን ጥበቃዎች አሥሩንም ወንዶች ጎተትናቸው። ሴቶቹ በደስታ ተቃቀፉ፤ እኔ እጄን እያየሁ ቆምኩ።

በፍቃዱ ቀስ ብሎ ወደ እኔ መጣና ጥሪ እንደማያስፈልግ፣ እኔም ትንሽ ወደ መሀል ገባ ብል እንደሚሻል ነገረኝ። አራተኛ ላይ አቆመኝ። አራተኛ! ከስመኝ ኋላ፣ የእሷን ቀሚስ እያየሁ። ቤቴ ገብቼ እራት አልበላ አለኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ሽንፈቱን ያስብ ነበር፤ እኔ የማስበው ዘንድሮ ዋንጫ ከመጣ ፎቶው ላይ መሀል ማን እንደሚቆም ነው።

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ያደረግሁት ይህን ነው። በመጋቢት ውድድሩ እኛው ከተማ ነበር። ለምዝገባ የእያንዳንዱ ተወዳዳሪ የቅጥር ደብዳቤ ግልባጭ ይፈለጋል። የኢልሀም ኮንትራት በዚያው ሰሞን ታድሶ፣ ደብዳቤው ተፈርሞ ፋይሏ ውስጥ እንዲታሰር ወደ እኔ መጣ። ሌላ ቅጂ የለውም። ይዤው ጥቂት ቆምኩ። ከዚያ ከስድስት ዓመት በፊት ጡረታ የወጡ የአንድ ጥበቃ ፋይል ውስጥ ከተትኩት። ያንን ፋይል ከእኔ በቀር የሚነካው የለም። በፍቃዱ ሲጠይቀኝ ዓይኔን በጨው አጥቤ አልደረሰኝም አልኩት። ያለ ደብዳቤ አትመዘገብም ተባለ፤ ኢልሀም ቀረች። በእሷ ቦታ ገመድ ነክታ የማታውቅ ልጅ ገባች፣ ያለ ኢልሀም በዝምታ መጎተቱን የሚመራ ጠፋ፣ እኔም ተለምኜ ወደ ፊት ተመለስኩ። ተለምኜ! ያን ሌሊት እንዴት ያለ እንቅልፍ ተኛሁ መሰላችሁ።

በነጋታው ሜዳው ሞልቷል። ጎረቤቶቼ አሉ፣ የእኅቴ ልጆች አሉ፣ ከገበያ የመጣ ሰው ሁሉ አህያውን ይዞ ቆሟል። ፊት ለፊቴ ሐረግ ገመዱን ይዛለች። ፊሽካው ተነፋ፣ «የቦረና ልጅ…» አልኩ። ያኔ ከንፈሯን አየሁት። ከእኔ እኩል ይንቀሳቀሳል። ቃል በቃል ታውቀዋለች፤ በልቧ አብራኝ ትጠራለች፣ ትንፋሽ ስወስድ ትወስዳለች፣ ዓይኖቿ ደግሞ ይስቁብኛል። ኢልሀም እውነቷን ነበር። እኔም ከዚያች የስልክ ቀን ጀምሮ አውቀው ነበር፤ ቅናቴ ነው እንዳላውቀው ያደረገኝ። መጀመሪያውን ተጎተትን። በሁለተኛው አፌን ዘጋሁ። አፌን ስዘጋ ሴቶቹ መቼ እንደሚጎትቱ ጠፋቸው፤ አንዷ ስትስብ ሌላዋ ስታላላ ብትንትናችን ወጣ፣ በሕዝባችን ፊት ተዝረከረክን። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

ኢልሀም ዳር ሆና ስታጨበጭብልን ነበር። ስንወጣ በጀሪካን ውሃ ይዛ መጣች፤ መዳፌ በገመዱ ተልጦ ነበርና ውሃ አፈሰሰችልኝ። «አብሽሪ እትዬ፣ ይድናል» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ፋይል ይዤ በክበቡ ሳልፍ ብርጭቆዎቿን በጋዜጣ እየጠቀለለች ካርቶን ውስጥ ስትደረድር አየኋት። ደብዳቤው ስለጠፋ ኮንትራቱ እንዳልታደሰ ተቆጥሮ ቦታው እንደገና ማስታወቂያ ሊወጣበት ነው አለችኝ፤ እናቷ ገና አልሰማችም። እንደገና ወደ ጅዳ ልመለስ ይሆን እያልኩ ነው አለች፣ እንደ ዋዛ። እኔ የፈለግኩት ከገመዱ ላይ እንድትነሳልኝ ነበር፤ ከአገር እንድትነሳ አልነበረም። ወደ መዝገብ ቤት ሄጄ፣ የጡረተኛውን ፋይል አውርጄ፣ ደብዳቤውን ይዤ ተመለስኩ።

«ይኸው» አልኳት። «አልጠፋም። የደበቅኩት እኔ ነኝ።»

ወረቀቱን አየችው፣ እኔን አየችኝ።

«ለምን?»

«ቀንቼብሽ።»

ብርጭቆውን አስቀመጠች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ስምንት ዓመት ፓስፖርቴን ሴትዮዋ መሳቢያዋ ውስጥ ቆልፋበት ነበር» አለች። «ወረቀቴ ሰው እጅ ነው እያልኩ ስምንት ዓመት ተኛሁ። አገሬ ገብቼ ደግሞ አንቺ?» ከዚያ ዞራ ብርጭቆዎቹን ከጋዜጣው መፍታት ጀመረች። በሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ፤ አላየችኝም፣ ወይም እንዳላየች ሆነች።

ከእሷ ቀጥዬ ለበፍቃዱ ነገርኩት፣ በፍቃዱ ለኃላፊያችን ነገራቸው። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ። ደብዳቤው እንደ ደንቡ ወደ መዝገብ ቤት መጣ፤ በራሴ እጅ በራሴ ፋይል ውስጥ አሰርኩት። ከልምምዱም ቀረሁ። ማታ ማታ ከሥራ በኋላ በመስኮቴ ሳያቸው በዝምታ ይጎትታሉ፣ ያርፋሉ፣ ይስቃሉ። ስመኝ እንኳ ሰላምታዋን አሳጠረችብኝ። ከክበብ ሻይ ስጠጣ ኢልሀም ብርጭቆውን ታስቀምጥልኛለች፣ ስኳሩን ታቀርብልኛለች፣ ቃል አትወጣትም። ሻዩ ያው ቅርንፉዱ የበዛው ነው፤ ለእኔ ብላ አልቀነሰችውም።

በሚያዝያ ውድድሩ ማሻ ሊሆን ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ቀን መስኮቴ ላይ መጥታ ቆመች። ፋይል የፈለገች መስሎኝ ተነሳሁ።

«ድምፅሽን እፈልገዋለሁ» አለችኝ።

አስረዳችኝ። ወግዲ የእኔን ዜማ ለምዷል፤ እኔን ካልሰማ ምን ማድረግ እንዳለበት አያውቅም። ስለዚህ እኔ ፊት ቆሜ እንደ ድሮው ልጥራ። የእኛዎቹ ግን ሳዘግም አያላሉም፣ «ሆ» ስልም አይጎትቱም። «ሆ» ስል ወግዲዎች ተረከዛቸውን ይተክላሉ። ካበቃሁ በኋላ ለመሳብ ተረከዛቸውን ይነቅላሉ። እግራቸው መሬት ሳይዝ ባለችው በዚያች አንድ ትንፋሽ ኢልሀም ገመዱን ትነቀንቃለች፣ ሰባቱ ይጎትታሉ።

«እኔስ?» አልኳት።

«አንቺ ጥሪ። ከእኛ የሚሰማሽ የለም።»

ፊቷን አየሁት። «ይህ ቅጣቴ ነው?»

«ግማሹ» አለችኝ። «ግማሹ ግን ድምፅሽ እውነትም ስለሚያስፈልገን ነው።»

አባቴ አጫጁን ሁሉ በድምፁ ያነሳና ይጥል ነበር። እኔ ደግሞ ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ጆሯቸው ውስጥ ጥጥ ለጠቀጠቁ ሰባት ሴቶች ጠራሁ። መጀመሪያ ላይ አፌን እንዳይከተሉ ብለው ነው ጥጡን ያደረጉት፤ ኋላ ያለ ጥጥም አልሰማ አሉኝ። ያ ደግሞ ባሰብኝ። የእኔም እጅ ልማዱ አለቅ ብሎ «ሆ» ባልኩ ቁጥር ይጎትታል፤ ኢልሀም ከኋላ «እጅሽ አፍሽን ይሰማል፣ አታሰሚው» ትለኛለች። አንዳንድ ቀን ገመዱን ጥዬ ቤቴ እሄዳለሁ፣ በማግስቱ እመለሳለሁ። ለምን እንደምመለስ አላውቅም ነበር። ሁለት ጊዜ የተጎተትኩት በገዛ ድምፄ ነው፤ ሦስተኛ ጊዜ እንዳልጎተት ብዬ ይሆናል።

ማሻ ላይ ነፋሱ ይጋረፋል፣ ሰዉ ጋቢውን ተከናንቦ ሜዳውን ከቧል። ሐረግ ሳየኝ ደስ አላት፤ ከሩቅ በጥቅሻ ሰላም አለችኝ። ፊሽካው ተነፋ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ጠርቼ አላውቅም። ድምፄ እስከ ወዲያኛው ዳገት ይሰማል፣ የሐረግ ከንፈር አብሮኝ ይሄዳል። ሳዘግም ሳቡ፤ ገመዱ ግን ድንጋይ ሆነባቸው። «ሆ!» አልኩ፣ ተተከሉ። ማንም አልጎተተም። ግራ ተጋብተው ተረከዛቸውን ነቅለው ሊስቡ ሲያዘነብሉ ገመዱ በመዳፌ ውስጥ ነቅነቅ አለ። ከዚያ ያለው ትዝ አይለኝም፤ ወግዲ በሙሉ በግንባሩ ወደ እኔ መጣ።

በሁለተኛው ነቅተዋል፣ ሐረግ «አትስሟት! አትስሟት!» እያለች ትጮኻለች። ግን ስድስት ዓመት የሰሙትን ዜማ ባንዴ መርሳት የት አለ? ረዥም ጊዜ ቆምን፣ ድምፄ ሊሰነጠቅ ደረሰ። ከኋላዬ ሰባት ሴቶች ዝም እንዳሉ ናቸው። እጠራለሁ፣ ከወገኔ አንድ የሚመልስልኝ የለም። በመጨረሻ ገመዱ እንደገና ነቅነቅ አለ።

ሕዝቡ ሜዳውን ሞላው። የማሻ ሰዎች እኔን ከበቡኝ፤ አንድ ሽማግሌ ግንባሬን ሳሙኝ፣ ሴቶች እልል አሉብኝ። ውድድሩን የሚመራው ሰው ድምፅ ማጉያውን ይዞ መጣና፣ ዛሬ ያሸነፈው የእኚህ ሴት ድምፅ ነው ብሎ አወጀ። ማጉያውን ወደ አፌ አስጠጋልኝ። ዞር ብዬ አየሁ። ስመኝ ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሳችም። ኢልሀም ከገመዱ ጫፍ ቁጢጥ ብላ የጫማዋን ክር ታስራለች፤ ቀና እንኳ አላለችም። ክብሩ ለእግዚአብሔር ይሁን ብዬ ዝም ብል የሚያወጣብኝ አልነበረም።

«ከእኛ አንድም ሰው አልሰማኝም» አልኩ በማጉያው። «የሰማኝ ወግዲ ነው። የመራችን ያቺ ጫፍ ላይ ያለችው ናት። ኢልሀም ትባላለች።»

ሕዝቡ ዞረ። ከዚያ ትቶኝ ወደ እሷ ሮጠ። ትከሻ ላይ ሲያወጧት መሀረቧ ወደ ኋላ ተንሸራተተ፣ ሳቋ እስከ እኔ ድረስ ተሰማ። ፎቶ አንሺውም ማሽኑን ይዞ ወደዚያው ሄደ። በዙሪያዬ አንድ ሰው አልቀረም። አንጀቴ እርር ድብን አለ፤ ወላሂ እርር ድብን አለ። እንደገና በተላጠ መዳፌ አጨበጨብኩላት።